ለአዲሱ ንግዳችን አርማ ስናሠራ

ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ

መግቢያ

በለቡ፣ በጀሞ፣ በሃና ማርያምና በላፍቶ አካባቢ እህል ይዘራበት የነበረው መሬት ዛሬ አብዛኛው ኮንዶሚኒየም፣ አስፋልትና መጋዘን ሆኗል። የቀረው አርሶ አደር በጓሮውና በግቢው ላም ያረባል፣ ዶሮ ያረባል፣ ጎመንና ሰላጣ ያለማል፣ ንብ ያነባል፣ እንጉዳይ ያመርታል። መሬት ሲጠብ ምርትን በጥሬው በጀሪካንና በጆንያ መሸጥ ብዙ አያዋጣም። ወተቱን እርጎና አይብ አድርጎ፣ ማሩን አጣርቶ፣ እንቁላሉን በትሪ አሽጎ መሸጥ ይሻላል። በታሸገው ዕቃ ላይ ታዲያ ምን ይለጠፍ? የዛሬው ትምህርት ስለዚህ ነው።

ከመካከላችሁ «ላሜ በደንብ ካልታለበች አርማ ምን ያደርግልኛል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ትክክል ነው። አርማ ወተት አያበዛም፤ የኮመጠጠ እርጎ አያጣፍጥም። ሥራው አንድ ነው፤ ትናንት ምርታችሁን ቀምሶ የወደደ ሰው ነገ እናንተ በሌላችሁበት ሱቅ ውስጥ ሳይሳሳት እንዲያገኘው ማድረግ። ስለዚህ ምርቱ ገና ያልተስተካከለ ሰው አርማ ለማሠራት አይቸኩል። መጥፎ እርጎ ላይ የተለጠፈ ጥሩ አርማ የሚያገለግለው ደንበኛው ዳግመኛ እንዳይገዛው ለመለየት ነው።

የከብት ምልክት

አርማ ለአርሶ አደር አዲስ ነገር አይደለም። የብዙ ቤት ከብት በአንድ ሜዳ ሲውል እንዳይቀላቀል ጆሮውን መብጣት ወይም በጋለ ብረት መተኮስ የቆየ ልማድ ነው። ያ ምልክት ከሩቅ ይታያል፤ ከጎረቤት ከብት ምልክት ይለያል፤ ዝናብ ቢዘንብ፣ ዓመት ቢያልፍ አይጠፋም። ከብት ጠፍቶ ሌላ ቀበሌ ቢገኝ እንኳ ያየው ሰው «ይህ የእነ እገሌ ነው» ይላል። ለእርጎ ኩባያና ለማር ጠርሙስ የምናሠራው አርማም ከዚህ የተለየ ነገር አይጠየቅም። ከሩቅ ይታይ፣ ከሌላው ይለይ፣ አይጥፋ። ቆንጆ ቢሆን መልካም ነው፤ ቆንጆ ሆኖ ከሌላው ካልተለየ ግን ገንዘባችሁ ባክኗል።

ቀድሞ ወተታችሁን የምትሸጡት ለምታውቁት ጎረቤት ነበር። ገዢው ፊታችሁን፣ ቤታችሁን፣ የላሞቻችሁንም ቁጥር ያውቃል። አሁን ምርቱ ወደ እሁድ ገበያ፣ ወደ ኮንዶሚኒየም ሥር ሱቆች፣ ወደ ካፌና ወደ ሱፐርማርኬት ይሄዳል። ጅምላው የአትክልት ገበያም ከፒያሳ አትክልት ተራ ተነሥቶ በጃን ሜዳ በኩል አልፎ እኛው ክፍለ ከተማ፣ ኃይሌ ጋርመንት መጥቷል። በእነዚህ ሁሉ ቦታዎች ገዢው የሚያየው ዕቃውን እንጂ እናንተን አይደለም።

ሦስት ስሞችን አለማምታታት

በሥልጠና ላይ ሁልጊዜ የሚምታቱ ሦስት ነገሮች አሉ። የንግድ ስም ማለት በንግድ ምዝገባና በንግድ ፈቃድ ላይ የሚሰፍረው የድርጅታችሁ መጠሪያ ነው፤ ይህ በንግድ ቢሮ በኩል ይመዘገባል። አርማ ወይም በተለምዶ ሎጎ የምንለው ዓይን የሚያየው ሥዕልና የፊደል አጣጣል ነው። የንግድ ምልክት ደግሞ ቃሉ፣ ሥዕሉ ወይም ሁለቱ በአንድነት በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ተመዝግቦ በሕግ የእናንተ ብቻ ሲሆን ነው።

ብዙ ሰው ንግድ ፈቃዱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ «ስሜ ተመዝግቧል» ብሎ ይተኛል። የንግድ ስም ማስመዝገብና የንግድ ምልክት ማስመዝገብ የተለያዩ ናቸው፤ ቢሮውም ሕጉም የተለያየ ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ከሥዕሉ በፊት ስሙ

ወደ ዲዛይነር የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ስም መምረጥ አለበት። ስሙ ያልተወሰነ አርማ መሠረት ያልወጣለት ቤት ነው።

የአካባቢያችንን ስም እንመልከት። ንፋስ ስልክ የተባለው በሽቦ አልባው የሬዲዮ ቴሌግራፍ ጣቢያ ምክንያት ነው፤ ያለ ሽቦ በነፋስ የሚሄድ ስልክ ማለት ነው። አንድ ሰው ያየውን አዲስ ነገር በሁለት ቃል ጠራው፤ ስሙ ጣቢያውን አልፎ የክፍለ ከተማ መጠሪያ ሆነ። ጥሩ ስም እንዲህ ያለ ነው፤ አጭር፣ በዓይን የሚታይ፣ ለሰሚው የሚገርም። ይሁን እንጂ ዛሬ «ንፋስ ስልክ እርጎ» ብላችሁ ብትነሡ ከተሜው መጀመሪያ የሚያስበው የቀለም ፋብሪካውን ነው። ለእርጎ ይህ አይመከርም።

ላፍቶ ደግሞ በኦሮምኛ ግራር ማለት ነው። የግራር ዛፍ ጥላው ዣንጥላ የመሰለ፣ በአንድ ቀለም ሊሣል የሚችል ቅርጽ ነው፤ ንብም አበባውን ትወደዋለች። ለማር አምራች እንዲህ ያለው መነሻ ከበይነ መረብ ከሚወርድ የንብ ሥዕል ይበልጣል።

በስም ምርጫ ላይ ሕጉም ቃል አለው። በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የዕቃውን ዓይነት፣ ጥራት፣ ብዛት ወይም የመጣበትን ቦታ ብቻ የሚገልጽ ቃል ለብቻው የንግድ ምልክት ሆኖ አይመዘገብም። ስለዚህ «ንጹሕ ወተት»፣ «ምርጥ ማር» ወይም «የለቡ እንቁላል» ብሎ ስም የሚያወጣ ሰው ጎረቤቱ ተመሳሳዩን ሲጽፍ ሊከለክለው አይችልም። ንጹሕነትማ የሁላችንም መሆን ያለበት ነው፤ አንድ ሰው ለብቻው ሊይዘው አይገባም። ከዕቃው ጋር በቀጥታ የማይያያዝ ቃል መምረጥ ይሻላል፤ የላማችሁ ስም፣ የወንዝ ስም፣ የእናታችሁ የቤት መጠሪያ ሊሆን ይችላል። ስሙን ስልክ ላይ ለማያውቃችሁ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩና ጽፎ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። አሳስቶ ከጻፈው ስሙን ቀይሩ።

ታዋቂ ስም አስመስሎ መያዝም አለ። ከተማው ወተት ሲገዛ «ሾላ» ወይም «ማማ» ማለት ለምዷል። አንድ ፊደል ቀይሮ፣ ቀለሙን አመሳስሎ መለጠፍ ለጥቂት ሳምንት ይሸጥ ይሆናል። ነገር ግን በሕግ ያስጠይቃል፤ ካልጠየቁንም የምንሠራው ለእነርሱ ነው፤ እርጎአችንን የወደደ ሰው ተመልሶ የሚገዛው የእነርሱን ነውና።

የቡናው ጉዳይ

ስምና ምልክት ስንት እንደሚያወጣ አገራችን በቡና አይታለች። ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉት ስሞች በውጭ አገር መደርደሪያ ላይ ቡናውን በውድ ያሸጡ ነበር። ከዚያ ዋጋ ለገበሬው የሚደርሰው ግን ጥቂት ነበር። በ1997 ዓ.ም. የያኔው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ሦስቱን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ።

እዚያ ሲደርስ ሁለት ነገር ጠበቀው። አንደኛ፣ ስታርባክስ የተባለው ትልቅ የቡና ኩባንያ «ሲዳሞ» የሚለው ቃል ያለበትን የራሱን የቡና ስም አስቀድሞ እንዲመዘገብለት አመልክቶ ነበር፤ ስለዚህ የእኛ ማመልከቻ ከኋላ ተሰለፈ። የገዛ አካባቢያችንን ስም ይዘን ወረፋ ጠባቂዎች ሆንን ማለት ነው። ሁለተኛ፣ የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ሐረርና ሲዳሞ የቡና ዓይነት የጋራ መጠሪያ ሆነዋል፣ አንድ ባለቤት ሊኖራቸው አይገባም ብሎ ተቃወመ፤ መዝጋቢው መሥሪያ ቤትም በመጀመሪያ አልተቀበላቸውም። ኩባንያው ማመልከቻውን ተወ፤ ኦክስፋም የተባለው ድርጅት የሕዝብ ዘመቻ አካሄደ፤ ኢትዮጵያም ማስረጃዋን ይዛ ተከራከረች። በ1999 ዓ.ም. ሰኔ ወር ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ተፈረመ፤ በኋላ ሁለቱ ስሞችም ተመዘገቡ።

ከዚህ ውስጥ ለጓሮ ንግድ የሚሆነው የቅደም ተከተሉ ነገር ነው። እኛም አገር መብቱ የሚገኘው በምዝገባ ነው፤ ቀድሞ ያመለከተ ይቀድማል። «ይህን ስም አስር ዓመት ስጠራበት ኖሬአለሁ» ማለት ብቻውን ብዙ አይረዳም። አገር ስትከራከር ጠበቃና ዲፕሎማት አላት። እናንተ ያላችሁ ምናልባት አንድ ቀጠሮ ለመዋል የሚበቃ ጊዜ ነው።

በሥዕሉ ላይ ምን ይሁን?

ወተት አምራች ሁሉ ላም ያሥላል፤ እንቁላል አምራች ሁሉ ዶሮ። ማስተዋል ያለብን ሁለት ነገር አለ። አንዱ፣ በገበያው ላይ ያለው ላም ሁሉ ያው ነጭና ጥቁር የፈረንጅ ላም ከሆነ የእናንተን የሚለየው የለም። ሌላው የጾም ነገር ነው። በሁዳዴ 55 ቀን የወተትና የእንቁላል ገበያ ይቀዘቅዛል። በዚያ ጊዜ ብዙዎቻችሁ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና እንጉዳይ ወደ መሸጥ ታዞራላችሁ። አርማችሁ ላይ ላም ብቻ ካለ በጾም ሰላጣ ላይ ልትለጥፉት አትችሉም፤ ጿሚው ገዢ ገና ሲያየው ይሸሻል። በዓመት ሁለት ወር የማይሠራ አርማ ለምን ይሠራል? ከዕቃው ይልቅ ቤቱን ወይም ቦታውን የሚያሳይ ሥዕል፦ ዛፍ፣ በር፣ ኮረብታ፣ ቅርጫት፣ ወይም የስሙ የመጀመሪያ ፊደል በሚያምር አጣጣል፣ ለሁሉም ይሆናል።

የግዕዝ ፊደል ራሱ ሥዕል ነው። ብዙ ሰው ግን ስሙን በእንግሊዝኛ አጽፎ አማርኛውን ከሥር በትንሹ ያስቀምጣል። ገዢአችሁ ማን እንደሆነ ጠይቁ። የጀሞ ኮንዶሚኒየም እናት እርጎ ስትገዛ የምታነበው አማርኛውን ነው። በአካባቢው ኦሮምኛ የሚናገር ገዢ ብዙ ከሆነ ያንንም ማከል ንግድ ነው።

የማይገቡ ነገሮችም አሉ። የአገርን ሰንደቅ ዓላማ ወይም የመንግሥትና የዓለም አቀፍ ድርጅት ዓርማ በንግድ ምልክት ውስጥ አታስገቡ። የሃይማኖት ምልክት ለሽያጭ ባይውል ይሻላል። «ኦርጋኒክ» የሚለውን ቃል ያለ ማረጋገጫ አትጻፉ፤ ማዳበሪያ አለመጨመር ብቻውን ኦርጋኒክ አያሰኝም፣ የራሱ የማረጋገጫ ሥርዓትና አዋጅ አለው። የኢትዮጵያ ደረጃዎችን የጥራት ምልክት ሌላው ላይ አይታችሁ መገልበጥ ደግሞ ማጭበርበር ነው።

ከዲዛይነር ጋር መዋዋል

አርማ የሚሠሩ ብዙ ናቸው። ማተሚያ ቤት ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ጸሐፊ፣ ለብቻው የሚሠራ ግራፊክ ዲዛይነር፣ የማስታወቂያ ድርጅት፣ በአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት የሚማሩ ተማሪዎች ሁሉ ይሠራሉ። ዋጋው እጅግ ይለያያል። ከሦስት ሰው ጠይቁ፤ ከዋጋው በፊት ግን ከዚህ ቀደም የሠሩትን እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ያሳዩአችሁ ሥራ ሁሉ አንድ ዓይነት ከሆነ የእናንተም እንደዚያው ይሆናል።

«ነጻ ነው» እያለ ማተሚያ ቤቱ ከስቲከሩ ጋር አብሮ የሚሠራው አርማ አብዛኛውን ጊዜ ከበይነ መረብ የወረደ ዝግጁ ሥዕል ነው። ያው ሥዕል ነገ ቃሊቲ ላለው ዶሮ አርቢም ይሰጣል። አሁን ደግሞ በስልክ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያ ሥዕል የሚያሠሩ ወጣቶች አሉ። ሐሳብ ለማፍለቅ ይረዳል፤ የግዕዝ ፊደል ላይ ግን ብዙ ጊዜ ይሳሳታል፣ የሌለ ፊደል ፈጥሮ ይጽፋል። ፊደሉን ሰው ያጣጥለው።

ዲዛይነሩ ዘንድ ባዶ እጅ አትሂዱ። በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ የሚከተለውን ጽፋችሁ ስጡት፤ መጻፍ የማይችል ሰው ልጁን ያስጽፍ።

የምንሸጠው ምንድን ነው፣ በሚቀጥሉት ሦስት ዓመታትስ ምን እንጨምራለን?
ገዢው ማን ነው፣ የት ነው የሚገዛው?
አርማው የሚለጠፈው ምን ላይ ነው? ኩባያ፣ ጠርሙስ፣ የእንቁላል ትሪ፣ ካርቶን፣ የባጃጅ ጎን፣ ማህተም?
በዚሁ ገበያ ያሉት ሌሎች ምልክቶች የትኞቹ ናቸው? ፎቶአቸውን በስልክ አንሥታችሁ አሳዩት፤ ከእነርሱ እንዲለይ ነው።
የማንፈልገው ምንድን ነው?

«ቆንጆ አድርገህ ሥራልኝ» ብቻ ብሎ የሄደ ሰው ዲዛይነሩ የወደደውን ይዞ ይመለሳል። ያኔ ጥፋቱ የዲዛይነሩ አይደለም።

ውሉ አጭር ይሁን፣ ግን በጽሑፍ ይሁን። ስንት የተለያየ ረቂቅ እንደሚያቀርብ፣ ስንት ጊዜ እንደሚያስተካክል፣ መቼ እንደሚያስረክብ፣ ቀብዱ ስንት እንደሆነና ቀሪው መቼ እንደሚከፈል ይጻፍበት። ከሁሉ የሚበልጠው አንቀጽ ግን የባለቤትነቱ ነው፤ ሥራው ከሌላ ያልተገለበጠ መሆኑንና ክፍያው ሲያልቅ ሙሉ መብቱ ወደ እናንተ እንደሚተላለፍ በግልጽ ይስፈር። ሥራውን ያዘዘ ሰው በሕግ የሚደገፍበት መንገድ ቢኖርም ክርክር ውስጥ ከመግባት ሁለት መስመር መጻፍ ይቀላል።

ሲረከቡ ምን ይረከባሉ? ብዙ አርሶ አደር በቴሌግራም የተላከለትን ፎቶ ይዞ «ተረክቤአለሁ» ይላል። ፎቶው ስልክ ላይ ያምራል፤ ባነር ላይ ሲተልቅ ግን ይበተናል፣ ጠርዙ ጥርስ ያወጣል። መረከብ ያለባችሁ ቬክተር የሚባለውን ዋናውን ፋይል ነው፤ በኢለስትሬተር ወይም በኮረልድሮው የተሠራ፣ የፈለጉትን ያህል ቢተልቅ የማይበላሽ። ከእርሱ ጋር ለማተሚያ ቤት የሚሆን ፒዲኤፍ፣ ለስልክ የሚሆን ምስል፣ ባለ አንድ ቀለም ጥቁር ቅጂና የቀለሞቹ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይስጣችሁ። ሁሉንም በፍላሽ አድርጋችሁ ከንግድ ፈቃዳችሁ ጋር አስቀምጡ፤ ወደ ልጃችሁም ኢሜይል ላኩት። ዋናው ፋይል ዲዛይነሩ ዘንድ ብቻ ከቀረና ሰውየው አገር ቢለቅ አዲስ ማሠራት ግድ ይሆናል።

ክፍያውን ከመጨረሳችሁ በፊት እዚያው አራት ነገር ሞክሩ። አርማውን የአንድ ብር ሳንቲም ያህል አሳንሶ ያትምላችሁ፤ ስሙ ይነበባል? በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ አድርጉት፤ ሥዕሉ ይለያል? ከአምስት እርምጃ ርቃችሁ ከሌሎች ዕቃዎች መካከል እዩት። በመጨረሻም ምንም ሳትነግሩ ለጎረቤት ልጅ አሳዩና «ይህ ምንድን ነው?» በሉት። ልጅ አያፍርም፤ እውነቱን ይነግራችኋል።

ኅትመቱ ነው የሚያስወጣው

አርማ የሚሠራው አንድ ጊዜ ነው፤ የሚታተመው ግን በየቀኑ ነው። እንበልና በቀን 100 ኩባያ እርጎ ትሸጣላችሁ፣ በወር 26 ቀን ትሠራላችሁ። 2,600 ስቲከር ያስፈልጋል። ባለ ብዙ ቀለሙ ስቲከር አንዱ 3 ብር ቢሆን በወር 7,800 ብር ይሆናል። በአንድ ቀለም የሚታተመው 2 ብር ቢሆን 5,200 ብር ነው። ልዩነቱ በወር 2,600 ብር፣ በዓመት 31,200 ብር። እነዚህ ዋጋዎች ለስሌት ያህል የተቀመጡ ናቸው፤ የራሳችሁን ማተሚያ ቤት ዋጋ ተክታችሁ አስሉ። አርማው በአንድ ወይም በሁለት ቀለም እንዲሠራ ገና ከመጀመሪያው ማዘዝ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

የስቲከሩም ዓይነት ይለያል። ከፍሪጅ የሚወጣ ኩባያ ያልበዋል፤ የወረቀት ስቲከር ርሶ ይላጣል፣ ቀለሙ ይፈሳል። ለቀዝቃዛ ዕቃ ፕላስቲክ ስቲከር ይሁን። የማር ስቲከር ጠርሙሱን ሙሉ አይሸፍን፤ ገዢው ማሩን ማየት ይፈልጋል። ለእንቁላል ትሪና ለካርቶን ማህተም አስቀርጾ በቀለም መምታት ከሁሉም ይረክሳል። አርማ ያለበት ፌስታል በብዛት ማሳተም ግን አይመከርም፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን ስለሚከለክል ወረቀት ከረጢት ላይ አስቡ።

በስቲከሩ ላይ ከአርማው ሌላ የአምራቹ ስምና አድራሻ፣ መጠኑ፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን መኖር አለበት። ለቀኑ ባዶ ቦታ መተው አትርሱ።

ከመታተሙ በፊት የማረጋገጫ ናሙና ጠይቁና ሁለት ሰው ያንብበው። ይህን የምለው በራሴ ስለደረሰ ነው። ለእህቴ የማር ስቲከር ሳሳትም ናሙናውን በስልክ ቸኩዬ አይቼ «ይታተም» አልኩ። ሁለት ሺህ ስቲከር ታትሞ ሲመጣ የስልክ ቁጥሩ አንድ አሃዝ ተሳስቷል። ማተሚያ ቤቱ የጻፈው እኔ የሰጠሁትን ነበር። እህቴ ክረምቱን ሙሉ በእስክሪብቶ ስታርም ከረመች፤ እስከ ዛሬም ታነሣብኛለች።

ምዝገባ

ገበያው አርማውን ሳይለምደው በፊት ወደ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሂዱ። መጀመሪያ ተመሳሳይ ምልክት ቀድሞ መመዝገቡን አስፈትሹ፤ ይህ ስቲከር ከመታተሙ በፊት መሆን አለበት። ቀጥሎ ማመልከቻው፣ የምልክቱ ቅጂና የምትሸጡት ዕቃ ዝርዝር ከክፍያ ጋር ይቀርባል። መሥሪያ ቤቱ መርምሮ ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ በማስታወቂያ ያወጣል፤ ካልተቃወመ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ምዝገባው ካመለከታችሁበት ቀን ጀምሮ ለ7 ዓመት የጸና ሲሆን በየ7 ዓመቱ ይታደሳል። ማደሻውን ቀን የሚያስታውስ ሰው በቤት ውስጥ ይኑር።

የዕቃ ዝርዝሩ ላይ ተጠንቀቁ። ዕቃዎች በዓለም አቀፍ ምድብ ይከፈላሉ። ወተት፣ እርጎ፣ አይብና እንቁላል በ29ኛው፤ ማር፣ ዱቄትና ቅመም በ30ኛው፤ ትኩስ አትክልት፣ ችግኝና ሕይወት ያለው ከብት በ31ኛው ምድብ ናቸው። ለእርጎ ብቻ ያስመዘገበ ሰው በኋላ ማር ሲጀምር ለማሩ ገና አላስመዘገበም ማለት ነው። ምድብ ሲጨምር ክፍያም ስለሚጨምር በእርግጥ የምትሸጡትንና በቅርብ የምትጀምሩትን ብቻ አስገቡ።

አርማው የማን ነው?

ይህ ክፍል በማኅበር ለተደራጃችሁ ነው። አምስት ሰዎች ሆነው ወተት መሸጥ ይጀምራሉ እንበል። ስሙን አንዷ አወጣች፤ ሥዕሉን የሌላው ልጅ ሣለው፤ ለዲዛይነሩ ሦስተኛው ከኪሱ ከፈለ፤ ማመልከቻው ላይ የፈረመው ሊቀ መንበሩ ነው። ንግዱ እስኪያድግ ማንም አይጠይቅም። ሲያድግ ሁለቱ ወጥተው የራሳቸውን ይከፍታሉ፤ ያንኑ አርማ ይዘው። ያኔ ሁሉም እውነት አለው፤ አንድም ወረቀት ግን የለም።

ስለዚህ አርማው ከመታዘዙ በፊት በቃለ ጉባኤ ይወሰን። አርማው የማኅበሩ እንጂ የግለሰብ እንዳልሆነ፣ ወጪው ከማኅበሩ ገንዘብ እንደተከፈለ፣ ምዝገባውም በማኅበሩ ስም እንደሚሆን፣ አባል ሲወጣ አርማውን ይዞ እንደማይወጣ፣ ማኅበሩ ቢፈርስ ምልክቱ ለማን እንደሚሆን ይጻፍና ሁሉም ይፈርሙ። አባሎች በየቤታቸው ያመረቱትን በአንድ አርማ የሚሸጡ ከሆነ ደግሞ ጥራቱን ማን እንደሚፈትሽና ያልደረሰው ምርት ስቲከር እንደማይሰጠው ይወሰን። የአንዱ ቤት ውኃ የተቀላቀለበት ወተት የአምስቱንም ስም ይዞ ይወድቃልና። ስቲከሩ በጸሐፊዋ እጅ ይቀመጥ፣ በቁጥር ይውጣ።

በባልና ሚስት መካከልም ቢሆን ማን ስም ላይ እንደሚመዘገብ ተነጋገሩ። ላሞቹን የምታልበው፣ እርጎውን የምታረጋው እርሷ ሆና ምልክቱ በእርሱ ስም ብቻ የሚመዘገብበት ጊዜ ብዙ ነው።

የቡድን ሥራ

በአምስት በአምስት ሆናችሁ የሚከተለውን ሥሩ። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ትልቅ ወረቀትና አንድ ጥቁር ማርከር ብቻ ይሰጣል፤ ሌላ ቀለም አይሰጥም።

1. በቡድናችሁ ካለ አንድ ሰው ምርት ተነሡና ሦስት ስም አውጡ። የዕቃውን ዓይነት፣ ጥራት ወይም ቦታ ብቻ የሚገልጸውን ሰርዙ። ስንት ቀረ?
2. የቀረውን ስም በፊደልና በአንድ ቀላል ሥዕል አድርጋችሁ ሣሉ። በሁዳዴ ሰላጣ ላይ ሊለጠፍ ይችላል?
3. ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፉና ከበሩ ላይ ሆናችሁ እዩት። የትኛው ቡድን ሥራ ቀድሞ ተነበበ? ለምን?
4. ከላይ ስለ አምስቱ የማኅበር አባላት የተነገረውን አንሡና የቃለ ጉባኤውን ውሳኔ በአምስት መስመር ጻፉ። አንድ አባል ለመፈረም እንቢ የሚል ሆኖ ይከራከር።
5. በሚቀጥለው ሥልጠና ስትመጡ በአካባቢያችሁ ሱቅ ያገኛችሁትን አንድ ባዶ የእርጎ ኩባያ ወይም የማር ጠርሙስ ይዛችሁ ኑ። ስቲከሩን ውኃ ውስጥ ነክረን እናየዋለን።